የዱር እንስሳት የተቀረጹባቸው ትልልቅ የብር ሳንቲሞች፦ አንድ ዕቃ፣ ሦስት ዋጋ

በአማርኛ «ብር» የሚለው ቃል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ስለሚጠራ፣ ስለ ብር ሳንቲም የሚደረግ ጨዋታ ገና ከመጀመሪያው ይደበላለቃል። በዚህ ጽሑፍ «ብር» ስል ማዕድኑን፣ አንጥረኛ የሚያቀልጠውንና የሚቀጠቅጠውን ማለቴ ነው። የማወራውም ስለ አንድ የተለየ ዕቃ ነው፦ መዳፍ የሚሞላ፣ አንዳንዴም ኪሎ የሚመዝን፣ በአንድ ፊቱ ዝሆን ወይም ፓንዳ ወይም ወፍ የተቀረጸበት፣ በሌላው ፊቱ የአንድ አገር ስም ያለበት፣ የገንዘብ መጠንም የተጻፈበት፣ ነገር ግን ማንም ገበያ ወጥቶ እንዲሸምትበት ያልታሰበ ሳንቲም።

የዚህ ዕቃ ዋጋ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። የመጀመሪያው በላዩ የተጻፈው የገንዘብ መጠን ነው። ሁለተኛው በውስጡ ያለው ብር በዕለቱ የዓለም ገበያ የሚያወጣው ነው። ሦስተኛው ሰብሳቢዎች ለምስሉ፣ ለአሠራሩና ለቁጥሩ ማነስ ሲሉ ሊከፍሉ የሚፈቅዱት ነው። ሦስቱ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ብዙ ገዢ የሚጎዳውም አንዱን ከፍሎ ሌላውን የገዛ ሲመስለው ነው።

ነገሩን በአንድ ሳንቲም ላይ ማየት ይቻላል። የአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም ማተሚያ ከ2010 እስከ 2021 ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብሔራዊ ፓርኮችንና ታሪካዊ ቦታዎችን የሚያሳዩ 56 ዓይነት የሩብ ዶላር ሳንቲሞችን አውጥቷል። በ2020 ለአሜሪካ ሳሞአ ብሔራዊ ፓርክ በወጣው ላይ አንዲት ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ከዛፍ ተንጠልጥላ፣ ልጇን ታቅፋ ትታያለች። ይኸው ምስል በሁለት መጠን ታትሟል። አንዱ በየኪሱ የሚዞረው፣ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራው፣ 24.26 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተራ ሳንቲም ነው። ሌላው 5 አውንስ ንጹህ ብር የሆነው፣ 76.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። በትንሹ ላይ የእናቲቱ ክንፍ ጠቆር ያለ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ያልፋል፤ በትልቁ ላይ ግን ዓይን የክንፉን እጥፋት እየተከተለ እስከ ልጇ ፊት ድረስ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም ላይ የተጻፈው ዋጋ አንድ ነው፦ ሩብ ዶላር። 155 ግራም ተኩል ብር የያዘው ሳንቲም በሕግ ፊት ከሩብ ዶላር አይበልጥም፤ ማንም በዚያ ዋጋ የማይሰጠው በውስጡ ያለው ማዕድን ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሚያወጣ ነው።

ስለ ክብደቱ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የከበሩ ማዕድናት የሚመዘኑበት አውንስ «ትሮይ አውንስ» የሚባለው ነው፤ 31.1035 ግራም ይመዝናል። በአንዳንድ አገሮች ምግብ ከሚመዘንበት አውንስ፣ ማለትም ከ28.35 ግራም፣ ይበልጣል። አንድ ኪሎ ከ32.15 ትሮይ አውንስ ጋር እኩል ነው። ትልልቅ የሚባሉት ሳንቲሞች አብዛኛውን ጊዜ 2፣ 5 ወይም 10 አውንስ፣ አለዚያም ሙሉ ኪሎ ናቸው። ሁሉም ግን በአውንስ አይሄዱም፤ ቻይና ከ2016 ጀምሮ የፓንዳ ሳንቲሞቿን በግራም ስለቀየረች፣ ቀድሞ 1 አውንስ የነበረው የብር ፓንዳ አሁን 30 ግራም ነው። አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ዋጋ ለመግዛት የሚቸኩል ሰው ከአንድ ግራም በላይ ብር ሳያውቀው ይቀርበታል።

ክብደት ሲጨምር ስፋት በዚያው ልክ አይጨምርም። አንድ አውንስ የሚመዝን ሳንቲም ወደ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ኪሎው ደግሞ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ። ክብደቱ 32 እጥፍ ሲያድግ የፊቱ ስፋት በካሬ ሲለካ የሚያድገው 6 እጥፍ ከሩብ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ብር ወደ ውፍረት ይሄዳል። ስለዚህ ኪሎው ሳንቲም በእጅ ሲያዝ ሳህን አይመስልም፤ ጠርዙ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ፣ ለመጠኑ ያልተጠበቀ ክብደት ያለው ጡብ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚያነሣው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሌላኛውን እጁን ከሥሩ ያስገባል። ውፍረቱ ትርፍ አይደለም፤ ቀራጩ ምስሉን ከፍ አድርጎ እንዲያወጣው፣ የዝሆኑ ግንባር ከመደቡ በእርግጥ ወጥቶ እንዲታይ የሚፈቅደው እርሱ ነው።

አሠራሩ ከተራ ሳንቲም የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሳንቲም የሚወለደው ከተጠነከረ ብረት በተሠሩ ሁለት ማኅተሞች መካከል፣ ያልታተመ ክብ ጥፍጥፍ ሲጨመቅ ነው። ጥፍጥፉ አስቀድሞ በእሳት ተግሎ ይለዝባል፣ ይታጠባል፣ ይጸዳል። ለመገበያያ የሚሆኑ ትንንሽ ሳንቲሞች በፈጣን ማሽን በደቂቃ በመቶዎች ይታተማሉ፤ ትልቁ የብር ሳንቲም ግን አንድ በአንድ፣ ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ ተቀምጦና በሰው እጅ ተነሥቶ፣ በኃይለኛ መጭመቂያ ይታተማል። ችግሩ የብሩ ፍሰት ነው። ማኅተሙ ውስጥ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ለምሳሌ የአውራሪሱ ቀንድ ወይም የአንበሳው አፍንጫ፣ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ብሩ ከዳር ወደዚያ መሄድ አለበት፤ ቦታው ሰፊ በሆነ ቁጥር ጉዞው ይረዝማል። በአንድ ምት ካልሞላ ይደገማል፤ ምስሉ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ብር ሲመታ ስለሚጠጥር በምቶቹ መካከል እንደገና በእሳት ማለዘብ ሊያስፈልግ ይችላል። ማኅተሙም በዚህ ሁሉ ጫና ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። የትልቅ ሳንቲም የእጅ ዋጋ ከፍ የሚለው በከንቱ አይደለም።

«ፕሩፍ» የሚባለው አሠራር ከዚህም ይከብዳል። የማኅተሙ ለስላሳ ቦታዎች እንደ መስታወት ይወለወላሉ፣ የምስሉ ቦታዎች ደግሞ ሆን ተብሎ ይሻከራሉ፤ ከዚያም የተወለወለው ጥፍጥፍ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመታል። ውጤቱ የሚያብለጨልጭ መደብ ላይ የተቀመጠ ነጭ፣ ውርጭ የመሰለ ምስል ነው። የዱር እንስሳት ለዚህ አሠራር የተፈጠሩ ያህል ይመስሉኛል፤ ላባ፣ ፀጉርና የተሸበሸበ ቆዳ ብርሃኑን ሲበትኑት፣ ውሃና ሰማይ ደግሞ መልሰው ሲያንጸባርቁት፣ ከአንድ ማዕድን ሁለት ቀለም ይገኛል። የንጉሥ ወይም የፕሬዚዳንት ፊት ይህን ያህል አይሰጥም።

የዱር እንስሳትን በብር ሳንቲም ላይ ማተም በሰፊው የተጀመረው ለገበያ ብቻ ተብሎ አልነበረም። ከ1974 ጀምሮ የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ከዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጋር ሆኖ 24 አገሮች የተሳተፉበት ተከታታይ የሳንቲም ስብስብ አወጣ። እያንዳንዱ አገር አንድ የወርቅና ሁለት የብር ሳንቲም በራሱ እንስሳት ምስል አሳተመ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለጥበቃ ሥራ ይውል ስለነበር፣ ሳንቲሙ እንስሳውን ከማሳየት አልፎ ለእንስሳው የሚሆን ገቢ ነበረው። በፕሩፍ የተሠሩት የዚያ ስብስብ የብር ሳንቲሞች 28.28 ግራምና 35 ግራም ናቸው፤ ለዛሬው ዓይን ትንንሽ ናቸው፣ ነገር ግን መንገዱን የከፈቱት እነርሱ ናቸው። የብር ንጽሕናቸውም ከ1000 እጅ 925 ነበር፤ ቀሪው መዳብ ነው። መዳቡ ብሩን ያጠነክረዋል። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ 999 ወይም 999.9 ስለሆኑ ይበልጥ ነጭና ይበልጥ ለስላሳ ናቸው፤ ለማተም ይመቻሉ፣ ለመጫርም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ተከታታይ ሳንቲሞች በየዓመቱ ምስል እየቀየሩ ሰብሳቢውን የሚያስከትሉ ናቸው። የቻይና የብር ፓንዳ በ1983 ተጀመረ። በወጣ ቁጥር አዲስ ምስል ይዞ የመጣ ሲሆን፣ የ2001 እና የ2002 ብቻ አንድ ዓይነት ሆኑ። የኪሎው ፓንዳ ላይ የተጻፈው 300 ዩዋን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ያለው የፐርዝ ሳንቲም ማተሚያ በ1990 ኩካባራ የምትባለውን ወፍ ይዞ መጣ፤ የኪሎዋ ኩካባራ ዋጋ 30 የአውስትራሊያ ዶላር ተብሎ ተጽፎባታል። የሶማሊያ ስም ያለበትና ከ2004 ጀምሮ የሚወጣው የዝሆን ሳንቲም ደግሞ የሚታተመው ጀርመን ውስጥ፣ ሙኒክ ባለው የባቫሪያ ግዛት ማተሚያ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ዝሆኖች የዛምቢያን ስም ይዘው ነበር የወጡት።

ብዙ ሰው ግራ የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የአንድ አገር ሳንቲም እንዴት በሌላ አገር ይታተማል? መልሱ ቀላል ነው። ሳንቲምን ከሜዳልያ የሚለየው የሉዓላዊ አገር ፈቃድና የተጻፈበት የገንዘብ መጠን ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉት ዕቃው፣ ብሩ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ሜዳልያ ነው። በብዙ ቦታ ለሳንቲምና ለሜዳልያ የሚሠራው የጉምሩክ፣ የግብርና የሐሰተኛ ገንዘብ ሕግ ስለሚለያይ፣ ሰብሳቢዎችም ሳንቲምን ስለሚያስበልጡ፣ ማተሚያዎች የአገር ስም ይፈልጋሉ። እንደ ኒዌ፣ ቱቫሉና ኩክ ደሴቶች ያሉ ትንንሽ ግዛቶች በስማቸው እንዲታተም ፈቃድ ሰጥተው ክፍያ ያገኛሉ። በዚህ ነውር የለም። ገዢው ግን ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው አገር እንስሳው የሚኖርበት አገር ላይሆን እንደሚችል፣ «ሕጋዊ መገበያያ» መባሉም የትም ያለ ባንክ ይቀበለዋል ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ክፍያው እንምጣ። ለስሌት እንዲመች ብቻ አንድ አውንስ ብር 30 ዶላር ነው እንበል። አንድ ኪሎ ሳንቲም ውስጥ ያለው ብር 964 ዶላር ተኩል ያህል ያወጣል ማለት ነው። ሻጩ 1,060 ዶላር ቢጠይቅ ገዢው ከማዕድኑ በላይ ወደ 10 በመቶ ጨምሮ ይከፍላል፤ ይህ ጭማሪ ለማተሚያው፣ ለማጓጓዣውና ለነጋዴው የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለው ሳንቲም በነጋዴዎች ቋንቋ «ቡሊየን» ይባላል፤ በብርነቱ የሚገዛና በብርነቱ የሚሸጥ ማለት ነው። ኪሎው አንድ ሳንቲም ብቻ ስለሆነ የአውንሱ ጭማሪ ከትንንሾቹ ያንሳል፤ 32 ሳንቲም ከማተም አንድ ማተም ይቀላል። ነገር ግን ያው ክብደት ያለው፣ በፕሩፍ የተሠራ፣ በእንጨት ሳጥን የተቀመጠ፣ 500 ብቻ የታተመ ሳንቲም 1,900 ዶላር ቢባል፣ ገዢው ግማሹን የሚከፍለው ለብሩ አይደለም። ያ ሰው ገንዘቡን ከማዕድኑ ብቻ መልሶ እንዲያገኝ የብር ዋጋ ወደ ሁለት እጥፍ መውጣት አለበት።

ይህን ማለቴ ፕሩፉን አትግዙ ማለቴ አይደለም። ዝሆኑን የወደደ፣ አሠራሩን የሚያደንቅ ሰው ለዚያ መክፈሉ ሥዕል እንደመግዛት ነው። የማዝነው ያንን ጭማሪ «ቁጠባ» ብለው ለሚሸጡለት ሰው ነው። «የታተመው 500 ብቻ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ትልቁ ማባበያ ነው፤ የሚፈልጉት ሰዎች 300 ከሆኑ ግን 500 ብዙ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ያ ተከታታይ ሳንቲም የሚከተሉት ሰዎች አሉት ወይ፣ ያለፉት ዓመታት ሳንቲሞችስ ዛሬ በእርግጥ በስንት እየተሸጡ ነው የሚለው ነው። የፓንዳና የኩካባራ ጥንካሬ ከዚህ ይመጣል፤ ለአሥርት ዓመታት ሲወጡ ስለኖሩ፣ የጎደለውን ዓመት የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ወጥቶ የቀረ፣ ተከታይ የሌለው ሳንቲም ግን ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ፈላጊ ለማግኘት ይቸገራል።

ብሩ ራሱም ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። በጥር 1980 አንድ አውንስ ወደ 50 ዶላር ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ማብቂያ ላይ ወደ 11 ዶላር ገደማ ወረደ። በሚያዝያ 2011 እንደገና ወደ 50 ተጠጋ፤ በመጋቢት 2020 ደግሞ ከ12 ዶላር በታች ታየ፤ በጥቅምት 2025 ከ50 በላይ አለፈ። ግብሩም መታሰብ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ለመዋዕለ ንዋይ የሚገዛ ወርቅ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ሲሆን ብር ግን ይህ መብት የለውም፤ በኪሎ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ሐሰተኛውን መለየት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሳንቲሙ ትልቅነት እዚህ ላይ ገዢውን ይጠቅመዋል። ብር በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10.49 ግራም ይመዝናል፤ መዳብ 8.96 ነው። ስለዚህ በብር የተለበጠ መዳብ ትክክለኛው ስፋትና ትክክለኛው ክብደት እንዲኖረው ከተፈለገ ወደ 17 በመቶ ገደማ መወፈር አለበት። በአንድ አውንስ ሳንቲም ላይ ይህ ልዩነት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በኪሎው ላይ ግን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ በመለኪያ በግልጽ ይታያል። ያልተወለወለ፣ ተራ ቡሊየን ከሆነ በውሃም መፈተን ይቻላል፦ ንጹህ የሆነ አንድ ኪሎ ብር በክር ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ሲመዘን 905 ግራም ገደማ ያነባል፤ መዳብ ከሆነ ወደ 888 ይወርዳል። ማግኔት ብርን አይስብም፤ ኃይለኛ ማግኔት በተዘነበለ ብር ላይ ሲለቀቅ ደግሞ እንደተያዘ ሁሉ በቀስታ ይንሸራተታል፤ መዳብም ግን እንዲሁ ያደርጋል። እርሳስን ከሌላ ቀላል ብረት ጋር ቀላቅሎ የብርን ክብደት መምሰልም ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ፈተና ብቻ መተማመን አይገባም፤ ክብደት፣ ስፋት፣ ውፍረትና ማግኔት አብረው መታየት አለባቸው፣ ምስሉም ከማተሚያው ፎቶግራፍ ጋር ላባ በላባ መመሳከር አለበት። አስመሳዮች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት በእንስሳው ዓይን ነው፤ እውነተኛው ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው የዓይን ሽፋን ሐሰተኛው ላይ ይደፈናል።

አያያዙ ቀላል ነው፣ ስሕተቱ ግን አይመለስም። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ጎማ፣ አንዳንድ ካርቶንና ሱፍ ይህን ያፋጥናሉ። «ፒቪሲ» የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ይተዋል። ለዚህ ነው ሳንቲሙ በጠንካራ ግልጽ ካፕሱል የሚቀመጠው። በንጹህ ብር ላይ ከጊዜ በኋላ የሚወጣው ወተት የመሰለ ነጭ ነጥብ ከያዢው ጥፋት የመጣ አይደለም፤ በአብዛኛው ጥፍጥፉ ሲታጠብ ከቀረ ዝቃጭ የሚመጣ ነው ይባላል፣ ሳያበላሹ ማስለቀቁም ከባድ ነው። የካናዳ ማተሚያ በ2018 ይህን የሚከላከል ዘዴ በቡሊየን ሳንቲሞቹ ላይ ጀምሯል። ባለቤቱ ሊያሳምረው ብሎ በጥርስ ሳሙና ያሸውን ኪሎ ሳንቲም በእጄ ይዤ አውቃለሁ። መደቡ በሙሉ በቀጫጭን ክብ ጭረት ተሸፍኖ፣ ወፏ ከጭጋግ ኋላ ያለች መስላ ነበር። ብሩ አንድ ግራም አልጎደለም፤ ሦስተኛው ዋጋው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፍቷል። የጠቆረን ሳንቲም እንደጠቆረ መተው ይሻላል፤ አንዳንድ ሰብሳቢ እንዲያውም ያንን ቀለም ፈልጎ ይገዛል።

ለመሸጥ ሲመጣ ኪሎው ሳንቲም አንድ ጠባይ አለው፦ አይከፈልም። 32 ትንንሽ ሳንቲሞች ያሉት ሰው ገንዘብ ሲቸግረው አምስቱን ሸጦ የቀሩትን ያቆያል፤ አንድ ኪሎ ያለው ግን ወይ ሁሉንም ይሸጣል ወይ ምንም አይሸጥም። ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚከፍል ሰብሳቢም ጥቂት ነው። ብር ገዢ ነጋዴ ጋር ከሄደ የሚያገኘው የማዕድኑን ዋጋ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ነው፤ ነጋዴው ለምስሉ ግድ የለውም። ሰብሳቢ ጋር ወይም በሐራጅ ከሸጠ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል፤ ሐራጁ ግን ድርሻውን ይወስዳል፣ ጊዜም ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ዋጋውን የሚይዙት ሲገዛ የማይረቡ የሚመስሉት ነገሮች ናቸው፦ ዋናው ሳጥን፣ ቁጥር ያለበት የምስክር ወረቀት፣ ያልተከፈተው ካፕሱልና የግዢው ደረሰኝ። ልጆች ሳንቲሙን ወርሰው ወረቀቱን የጣሉት ከሆነ፣ የሚገዛቸው ሰው በሚዛን ላይ አስቀምጦ በግራም ይከፍላቸዋል። ስለዚህ ሳንቲሙ ስሙ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት ስንት ታትሞ እንደነበር፣ በስንት እንደተገዛና ከዚያ ውስጥ የብሩ ድርሻ ስንት እንደነበር በአንድ ገጽ ጽፎ ከሳጥኑ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።